ቤቴል ከቤት የማትወጣበት ሰዓት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቴልን የሙስአብን ደብዳቤ ጭኗ ላይ ዘርግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ነበር የተውናት። እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳይነካት ነጋባት። ምን ሆነች እያላችሁ ሳምንቱን ሙሉ እንደቆያችሁ አውቃለሁ፤ ቶሎ እገባበታለሁ። ዛሬ አዲስ ለመጣችሁ ግን ሁለት ቃል ልበል፤ የቆያችሁት ታገሡኝ።

ቤቴል ኢዲዶ ከምትባል የቡና ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ አቶ ወልደዮሐንስ ቡና ገበሬ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርች ውስጥ ይሰብካሉ። እሷ ዲላ፣ በእኔ በአመለወርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሥራዋ ሩጫ ነው። ሙስአብ ደግሞ የሐጂ ዘከርያ ልጅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ትልቁ ሱቅና ወደ ሞያሌ የሚመላለሱት አይሱዙዎች የእነሱ ናቸው። አንዱ ቸርች፣ አንዱ መስጊድ፤ አንዱ በጭነት መኪና፣ አንዱ በእግሩ። ይሄ ሳያንሳቸው ወሬ መጣባቸው። «ልጅቷ መርፌ ትወጋለች» ተባለ።

ወሬው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከሰዓቷ ነው። ሌሎቹ ሯጮች ጎህ ሲቀድ ወደ ጪጩ መንገድ ሲወጡ፣ ቤቴል ከአስራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከቤቷ ንቅንቅ አትልም። ሰው ቢጠራት አትወጣም። ሙስአብ እንኳ ስንት ጊዜ «ሥራ ሳልገባ ማለዳ እንገናኝ» ቢላት «አልችልም» ነው መልሷ። ለምን ሲላት ዝም። ከተማ ደግሞ ዝም ያለን ሰው አይወድም፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ሮጣ ስሟ ከታወቀ ወዲህ፣ አበረታች መድኃኒት የሚቆጣጠሩት ሰዎች መዝግበዋታል። አትሌቷ ለየቀኑ አንዲት ሰዓት ትመርጣለች፣ በዚያች ሰዓት የት እንደምትገኝም በስልኳ ታሳውቃለች። መርማሪዎቹ ሳይናገሩ ይመጣሉ። ካገኟት ሽንቷን ወስደው ይመረምራሉ፤ ካጧት ይጻፍባታል። በዓመት ውስጥ ሦስቴ ከታጣች፣ አንድም ነገር ሳትወስድ፣ እንደ ወሰደ ሰው ትታገዳለች። ቤቴል ሁለቴ ታጥታለች። አንዴ አክስቷ ሞታ ኢዲዶ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ለቅሶ ላይ ስልኩን የሚያስታውስ ማን አለ? አንዴ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ሰዎቹ ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ እሷም እኔም ሳንሰማ ቀረን።

ይሄንን ለሙስአብ ብትነግረው ምናለበት ትሉ ይሆናል። እኔም ብያታለሁ። «እማማ፣ የመድኃኒት ሰዎች ሁለቴ ፈልገው አጡኝ ብዬ ብነግረው ግማሹን ነው የሚሰማው» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ ካለ እኔ እሞታለሁ።»

እሱ ደግሞ ሳያውቅ ተቀየማት፤ እሷም እንዳይጠይቃት ስልኩን ማንሳት ተወች፤ እሱም ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ይሄ ነው፦

«ቤቴል፣ ነገ ማለዳ አባቴ ቡታጅራ ይዞኝ ይሄዳል። እዚያ የታጨችልኝ ልጅ አለች፤ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ያንቺን ነገር ለአባቴ ቁርጡን ነገርኩት። እሱም ‹ከፈለገችህ ለምን ትደበቃለች? ከመነሳታችን በፊት ትምጣና ፊቴ ቆማ ትናገር፤ ከመጣች እሰማታለሁ› አለኝ። እንደማትመጪ እርግጠኛ ስለሆነ ነው። አስራ ሁለት ተኩል ላይ እንነሳለን። ካልመጣሽ፣ እንዳፈርሽብኝ አውቄ እሄዳለሁ።»

አስራ ሁለት ተኩል። አያችሁልኝ? ልክ በዚያችው ሰዓት መሀል። ያን ለሊት ደግሞ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ፣ ሰዓቷን በስልኳ መቀየር አልቻለችም።

እኔ ግቢ ስጠርግ ቤቴል ከክፍሏ ወጣች። የልምምድ ልብስ አይደለም የለበሰችው፤ አረንጓዴ ሹራቧንና ለቸርች የምትለብሰውን ቀሚስ ነው። እግሯ ላይ ግን ያው የሩጫ ጫማዋ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«እሄዳለሁ፣ እማማ።»

«ሰዓትሽስ?»

«ሰዓቴን አውቃለሁ።»

«ዛሬ ቢመጡስ?»

«‹ዛሬ ቢመጡስ› እያልኩ ነው በየቀኑ የኖርኩት። እሱ ግን የሚሄደው ዛሬ ብቻ ነው።»

ምን ልበላት? ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ዳገት ወጥታ የወረደችው ለዚች ሩጫ ነው።  ትከሻዬን ሳመችኝና ወደ ግቢው በር ሄደች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ እንዳረፈ በሩ ተንኳኳ።

ቤቴል እጇን እሳት እንደነካው ሰው መለሰች። «ማነው?» አልኩ እኔ።

«እንደምን አደራችሁ። አትሌት ቤቴል ወልደዮሐንስን ፈልጌ ነበር» አለ የሴት ድምፅ።

ከፈትኩ። ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሻንጣ የያዘች ሴትዮ ናት። «ሸዋአለም እባላለሁ» ብላ ለቤቴል መታወቂያዋን አሳየቻት። ቤቴል ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ሳቅም ነው፣ ለቅሶም ነው፤ እኔ መለየት አቃተኝ።

«ደህና ነሽ?» አለቻት ሸዋአለም።

«ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለች ቤቴል። አልጨረሰችውም።

ሴትዮዋ አስፈረመቻትና፣ «ከአሁን ጀምሮ ናሙናውን እስክትሰጪኝ ድረስ ከዓይኔ አትርቂም» አለቻት። «በይ እንጀምር፣ ቶሎ እንጨርሳለን።»

ቶሎ ማለት እዚህ ላይ ቀረ። ቤቴል ሌላ ቀን ያቺ ሰዓት እስክታልፍ ሽንቷን ይዛ ነው የምትቆየው፤ ምናልባት ቢመጡ ብላ። ያን ለሊት ግን ስታለቅስ አድራ፣ ውሃ ስትጠጣና ስትወጣ ስትገባ ነው የነጋባት። ሁለቱ ተያይዘው ገቡ፣ ተያይዘው ወጡ። ምንም የለም። የታሸገ ውሃ ከፈተች፣ ጠጣች። እንደገና ገቡ፤ ምንም።

«ቀስ ብለሽ ጠጪ» አለቻት ሸዋአለም። «ብዙ ከጠጣሽ ይቀጥንና አይሆነንም፤ ሌላ መጠበቅ ይመጣል።»

ቤቴል ስልኳን አወጣች። ለሙስአብ ደወለች። አነሳው።

«ሙስአብ፣ ስማኝ። አሁን መውጣት አልችልም፤ ግን…»

«እሺ» የሚል አንዲት ድምፅ ሰማሁ፤ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ ማግኘት አይችሉም ነው የሚለው። ስልኩን ጉንጯ ላይ እንደያዘች ቆየች። ልጆቼ፣ እኔ ያን ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። መናኸሪያው ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«አይሆንም።»

«ቅርብ ነው።»

«ቅርብም ቢሆን። ብቻሽን ከሄድሽ ከምርመራ አመለጠች ተብሎ ነው የሚጻፈው። ያ ደግሞ ከመታጣት ይብሳል፤ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። ብቻዬን አላልኩም። አብረውኝ ይምጡ።»

ሸዋአለም ሻንጣዋን አየች፣ ደጁን ጭቃ አየች፣ ቤቴልን አየች።

«ደንቡ ከዓይኔ እንዳትጠፊ ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «ቁጭ በይ አይልም። ግን በቂ ምክንያት መኖር አለበት፤ ምክንያቱንም እጽፈዋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

 እኔ ጣልቃ ገባሁና፣ «ሰው ልትሸኝ ነው ብለሽ ጻፊው» አልኳት።

«አይደለም» አለች ቤቴል። «ላስቀር ነው።»

ሸዋአለም እስክሪብቶዋን አውጥታ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ጽፋ ስትጨርስ ሻንጣዋን አነሳችና፣ «በምንድን ነው የምንሄደው?» አለች። ቤቴል እጇን ያዘቻትና ሳታስበው ሳመችው። 

ዞኑ ውስጥ እሷን የሚቀድም እግር የለም። ያን ቀን ግን መሮጥ አትችልም፤ ከሮጠች ሴትዮዋ ታጣታለቻ። ስለዚህ ባጃጅ ጠራን። ጆሲ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው የደረሰልን። እኔም ገባሁ፤ ብቻዋንማ አልለቃትም።

«ቤቲ» አለ ጆሲ በመስታወት እያያት፣ «ዛሬ እግርሽን አከራየሽው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ንዳ፣ ጆሲ።»

«ሦስት ሰው ከነሻንጣው? ይቺ እኮ ባጃጅ ናት፣ የሐጂ ዘከርያ አይሱዙ አይደለችም።»

የሐጂን ስም ሲጠራ ቤቴል ዓይኗን ጨፈነች።

እኛ ሰፈር ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ዳገት ታውቁታላችሁ። ለሊት ዝናብ ጥሎበታል። ባጃጇ ገና ወገቡ ላይ ስትደርስ ማቃሰት ጀመረች። ሙዝ የተሸከሙ ሴትዮ በእግራቸው አለፉን፤ አልፈውም «እንደምን አደራችሁ» አሉን።

«ልውረድ» አለች ቤቴል። «እኔ ልውረድና ሮጬ…»

«እኔስ?» አለች ሸዋአለም። «ከኋላሽ ልሮጥ? ልቤ እንደሆነ ይሄን ዳገት አይችለውም።»

«ታዲያ ልግፋ።»

ሳንመልስላት ወርዳ ከኋላ ሆና መግፋት ጀመረች። ሸዋአለም ግማሽ አካሏን በጎን አውጥታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ «አየሁሽ፣ አየሁሽ፣ ግፊ» ትላለች። ለቸርች የሚለበሰው ቀሚስ እስከ ጉልበት ጭቃ ሆነ። ጆሲ መሪውን ይዞ ይስቃል፤ «እኔ የአገር ኩራት ነው ያስገፋሁት፣ ዛሬ ፎቶ የሚያነሳኝ ይጥፋ?» ይላል። እኔ ልስቅ ስል እንባዬ መጣ። ሰው ለሚወደው ሰው ተራራ ወጣ ይባላል፤ ባጃጅ ይዛ የወጣች ግን እሷን ነው ያየሁት።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሽ ሳያጥራት ተመልሳ ገባች። ጉንጯ ቀልቷል። «እንደርስ ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ። እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ሐጂ ዘከርያ ደጅ ስንደርስ ነጩ ፒካፕ ሞተሩ ተነስቶ፣ መንቀሳቀስ ጀምሯል። መሪው ላይ ሐጂ ራሳቸው ናቸው፣ ጢማቸውን በሂና ቀልመው። ከጎናቸው ሙስአብ፣ አዲስ ልብስና የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሯል።

ቤቴል ባጃጇ ሳትቆም ዘለለች። ሸዋአለም «እዚህ፣ እዚህ፣ እንዳየሁሽ» እያለች ከነሻንጣዋ ተከተለቻት። ቤቴል ፒካፑ ፊት ቆመች። ሐጂ ጥሩምባ ነፉ። አልተነቃነቀችም።

ሙስአብ ዞሮ አያት። ልጆቼ፣ ያን አስተያየት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ተቀይሞ የቆየ ሰው፣ ያልጠበቀው ሲመጣለት፣ ደስታውም ቂሙም እኩል ሲታገሉት። ጭቃውን፣ ቀሚሱን፣ ደግሞ ፊቷን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ስሟን ነው የጠራው፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

«ከመንገድ ውጪ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ በመስኮት።

«መጥቻለሁ፣ ሐጂ። ትምጣ ብለው ነበር።»

«ሰዓቱ አልፏል።»

«መኪናው ግን አልሄደም።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ሐጂ ወረዱ። ሸዋአለምን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፣ እኔንም ጨመሩኝ። «እነዚህ ምንድን ናቸው? ሽማግሌ ነው የላክሽብኝ? ሽማግሌ ደግሞ ቀሚስ ለብሶ ይመጣል እንዴ?»

«ሐጂ፣ እኔ የመጣሁት ለማየት ነው» አልኳቸው። «አይተው እንዳላዩ ይቁጠሩኝ።»

ለሸዋአለም የሰው ጉዳይ ነው፣ መናገር አይፈቀድላትም። መናገር ያለባት ቤቴል ነበረች። ዙሪያዋን አየች። ወዛደሮቹ ጆንያ እንደያዙ ቆመዋል፤ አትክልት ሻጮቹ ቆመዋል፤ ያን የመርፌ ወሬ ሲያላምጡ የከረሙት ሁሉ እዚያ ናቸው። 

«እኚህ ሴት የዶፒንግ፣ የአበረታች መድኃኒት መርማሪ ናቸው» አለች። ጮክ ብላ።

ወዛደሮቹ ጆንያቸውን አወረዱ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ሰዓቷን፣ የአክስቷን ለቅሶ፣ የዝናቡን ቀን፣ ሦስተኛው ምን እንደሚያመጣባት። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰበረው። «ዛሬ ግን እሳቸው ሳይመጡ ነው ልወጣ የነበረው» አለች። «ሩጫዬን ትቼው ልመጣ ነበር። እጄ በሩ ላይ እያለ አንኳኩ። አሁንም ናሙና አልሰጠሁም፤ ለዚህ ነው ከጎኔ የማይለዩት። መርፌ የምወጋ ቢሆን እሳቸውን ይዤ እዚህ እመጣ ነበር፣ ሐጂ?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይሁን፣ ይሄን ልመን» አሉ። «ለኢድ ቤቴ መጥተሽ፣ ያስልሽ ነበር። ሚስቴ በእጇ ማር በጥብጣ ሰጠችሽ። አልጠጣም ብለሽ መለስሽ። የሙስሊም ኩባያ ስለሆነ አይደለም? ልጄን ወደሽ የቤቱን ኩባያ የምትጠየፊበት ነገር እኔ አልገባኝም።»

 ለካ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው የተቋጠረው። እኛ አገር ሥጋ ብትተው ማንም አይቀየማትም፤ ክርስቲያኑ ያረደውን ክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ያረደውን ሙስሊም ይበላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ለእንግዳው ለብቻ ይታረድለታል። ማር ግን የሁሉም ነው። ማር መመለስ ሰውን መመለስ ነው።

«ሐጂ» አለች፣ «ውስጡ ምን እንደገባበት ስላላወቅኩ ነው። ለሳል ከተባለ መድኃኒት ነው፤ ምን ቅጠል፣ ምን ዱቄት እንዳለው ሳላውቅ አልቀምስም፤ በሽንቴ ከተገኘ አላውቅም ነበር ማለት አያድነኝም። የገዛ እናቴ ከኢዲዶ ሥር ቀቅላ አምጥታልኝ፣ የአንቺንም አልጠጣልሽም አልኳት። አልቅሳ ነው የተመለሰችው። ለባለቤትዎ ለእማማ ረህማ ግን ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ።»

የፒካፑ በር ተከፈተ። ሙስአብ ወረደ።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«እንዳትጠራጠረኝ።»

«በየማለዳው በር የምትዘጊው በእኔ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንድ ዓመት ሙሉ። ሰው ሳያየን ደጅሽ እያለፍኩ፣ ተዘግቶ እያየሁ እሄዳለሁ። የተቆለፈው በእኔ ላይ ነው እያልኩ።»

«ደጄን ታልፍ ነበር?»

«ሱቅ ስሄድ።»

«ሱቃችሁ እኮ በዚህ በኩል ነው» አለች ቤቴል።

የሙስአብ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ወዛደሮቹ አጨበጨቡ። ሐጂ «ምን ያስጨበጭባል?» ብለው ገላመጧቸው። ሁለቱ ግን ማንንም አልሰሙም። በመካከላቸው አንድ እርምጃ ያህል ቦታ ነበር፤ እሱም አልተራመደው፣ እሷም አልተራመደችው። በዓይን ብቻ ተሻገሩት።

ድንገት ቤቴል የሸዋአለምን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ፊቷ ተለወጠ። «መጣ» አለች።

«ምኑ?» አለ ሙስአብ ደንግጦ።

ሸዋአለም ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው። «ሐጂ፣ ሽንት ቤት ይኖራችኋል?»

የመናኸሪያውን አታንሱብኝ፤ እዚያ እንኳን ናሙና፣ ዝንብም ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ነው የሚገባው። ሐጂ አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ ቤቴልን አዩ። ከዚያ ከሱቁ ጎን ያለውን የግቢ በር ገፉና ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ረህማ፣ እንግዳ መጥቷል።»

እንግዳ አሉ። እኔ ቃሏን ያዝኳት፤ ሙስአብም እንደያዛት ከፊቱ አውቃለሁ።

ሐጂ ሞተሩን ሰምተው፣ «ሂድ አጥፋው፣ ናፍጣ ይበላል» አሉት። ሊያጠፋ ሲሄድ እየሮጠ ነበር። «ምን ያስሮጥሃል? እሺ አላልኩም» አሉ ከኋላው። «ናፍጣ ነው ያልኩት።»

እኔ ወደ ሳሎኑ ገባሁ። ሁለቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጡ ቤቴል የናሙናውን ዕቃ በሁለት እጇ ይዛ ነው፤ በሩጫ ያሸነፈችውን ዋንጫ እንኳ እንዲያ አልያዘችውም። ሸዋአለም መጠኑን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ቤቴል በራሷ እጅ ከሻንጣው በወጡ ሁለት ጠርሙሶች ውስጥ ከፋፈለችው፣ ክዳናቸውን እስኪጠብቅ አዞረች። ሸዋአለም የተረፈችውን ጠብታ ፈትሻ «አልቀጠነም፣ ደህና ነው» ስትል፣ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እማማ ረህማ ሻሻቸውን አስረው በር ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ሰው እያየሽ?»

«እያዩኝ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። «የእኔ ልጅ» አሉ፤ ሳያስቡት ነው የወጣቸው። «ማሩ ውስጥ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል ነበር፣ ሌላ ምንም። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«ልጠይቅ አፍሬ ነው።»

«እኔም ለምን እንደመለስሽው ልጠይቅ አፍሬ ነው።»

እጇን ያዙት። ታጥባው ገና እርጥብ ነበር። በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁላት፤ አንድ በአንድ ጣቶቿን። ቤቴል ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያልወረደው እንባዋ እዚያ ወረደ።

ስንወጣ ሐጂ ግቢው ውስጥ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመላለሳሉ። ሸዋአለም አመሰገነቻቸው፣ ቤቴልን «በርቺ» ብላ ጨበጠቻት፣ ሻንጣዋን አቅፋ ወደ ጆሲ ባጃጅ ሄደች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቴል የማንም ዓይን እስረኛ አይደለችም። ግን አልሄደችም።

«ቡታጅራ ያሉትን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ?» አሉ ሐጂ፣ ለማንም ሳይሆን ለግንቡ። «ቃል አለብኝ። ብቻዬን ሄጄ፣ ፊታቸው ተቀምጬ ነው የምነግራቸው። ያሳፍራል።» ከዚያ ወደ ቤቴል ዞሩ። «አባትሽስ? ሰባኪው? ለእሳቸው ማን ሊነግር ነው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ያባርሩሻል።»

«አይደርሱብኝም፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሳል ሳይዛቸው ሳሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ሌላ አዞሩ። ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየነው።

ቤቴል ያን ጊዜ ወደ ሙስአብ ቀና አለች። «ልምምዴ አለፈኝ» አለችው። «ልሂድ።»

«በቀሚስ?»

«በቀሚስ።»

«እኔም ልምጣ?»

«አትችልም።»

«ልሞክር።»

በግቢው በር ወጥታ አስፋልቱን ወደ ጪጩ ያዘችው። ፀሐይ ከተራራው ወገብ ላይ ብቅ ብላለች፤ ሱቆች እየተከፈቱ ነው፤ ሰው ቆሞ ያያል። ሙስአብ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ተከተላት። መጀመሪያ ላይ ደህና ሮጠ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። ከዚያ እጁን ጎኑ ላይ አደረገ። «ቤቴል» ሲል እስከ እኛ ይሰማል፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ የሰው ልጅ ነኝ።»

ልጆቼ፣ ያቺን ልጅ ስትሮጥ ሁለት ዓመት አይቻታለሁ። ጉልበቷ ሲያማት፣ ዝናብ ሲወርድባት፣ ውሻ ሲያባርራት፤ ለማንም ብላ ቀስ ብላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ዞር ብላ አየችው፤ ሳቋን በእጇ ሸፈነች፤ እርምጃዋንም ሰበሰበች። ትከሻው ከትከሻዋ እስኪገጥም ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚሮጥ መለየት አቃተኝ። ደጅ ላይ ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የእኔም ልብ አብሯቸው ዳገቱን ሲወጣ ተሰማኝ።